«ፍቱን» ማለት የተፈተነ ማለት ነው፦ የባህልና የዘመናዊ ሕክምና ትምህርት ምርጫ በኢትዮጵያ ታሪክ

(በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬውን ርእስ የሰጠችኝ አንዲት ተማሪ ናት። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያበቃ ውጤት አምጥታለች። የምትኖረው እዚሁ በሳሪስ በኩል ከአያቷ ጋር ነው። አያቷ ወጌሻ ናቸው። ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው መካከል እጇ ለሙያው የተሰጠው እርሷ ብቻ መሆኗን አይተው፣ «ያለኝን ሁሉ ለአንቺ አወርስሻለሁ፤ ነገር ግን ይህ በትርፍ ሰዓት የሚያዝ ነገር አይደለም» ብለዋታል። ልጅቱ በውጭ አገር የተፈጥሮ ሕክምና የሚያስተምሩ ኮሌጆች መኖራቸውንም አንብባለች። «መምህር፣ እርስዎ የሚያስተምሩት ታሪክ ነው። ታሪኩን አይተው የትኛውን ይመርጡልኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ምርጫው የራስሽ ነው ብዬ ሸኘኋት። መልሱ እውነት ነበረ፤ የመምህር መልስ ግን አልነበረም። ዛሬ የምናገረው ያን ቀን መናገር የነበረብኝን ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ ላቅርብ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት ቤትና ቤት

በሌሎች አገሮች ይህ ጥያቄ የሚነሣው በሁለት ትምህርት ቤቶች መካከል ነው። በአሜሪካ ቤኔዲክት ለስት የተባለ የጀርመን ተወላጅ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ በኒው ዮርክ የናቹሮፓቲ፣ ማለትም የተፈጥሮ ሕክምና፣ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1910 ደግሞ አብርሃም ፍሌክስነር በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን የሕክምና ትምህርት ቤቶች እየዞረ መርምሮ ባወጣው ዘገባ፣ ቤተ ሙከራና የማስተማሪያ ሆስፒታል የሌላቸውን በብርቱ ነቀፈ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ተዘጉ። ያስከተለው ሁሉ መልካም ነው ማለት ግን አይቻልም፤ ጥቁር ሐኪሞችን ያሠለጥኑ ከነበሩት 7 ትምህርት ቤቶች ውስጥ የቀሩት 2 ብቻ ነበሩ። ቻይና በ1956 በቤጂንግ፣ በሻንጋይ፣ በጓንጆና በቼንግዱ የባህል ሕክምና ኮሌጆች አቋቋመች። ህንድ ለአዩርቬዳ ሕክምና የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ትሰጣለች። በእነዚህ አገሮች አንድ ወጣት ሁለት የመመዝገቢያ ቅጾችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ሊያነጻጽር ይችላል።

በእኛ ታሪክ ግን ምርጫው የቆየው በትምህርት ቤትና በቤት መካከል ነው። የባህል ሕክምናችን የራሱ ኮሌጅ፣ የራሱ ፈተና፣ የራሱ የተማሪዎች መዝገብ ያለው ሙያ ሆኖ አላደገም። አንድ ወጥ ሙያም አልነበረም። ወጌሻው አጥንት ይጠግናል፤ የልምድ አዋላጇ ታዋልዳለች፤ መድኃኒት ቀማሚው ሥርና ቅጠል ያዘጋጃል፤ ደብተራው ደግሞ በዕፅዋቱ ላይ ጸሎትና ክታብ ይጨምራል። ዕውቀቱ የሚተላለፈው በአብዛኛው ከአባት ወደ ተመረጠ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ታመነ ደቀ መዝሙር፣ በጊዜ ብዛትና በምስጢር ነው።

ይህን ምስጢር ድንቁርና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። መሬትም ሹመትም ለሌለው ሰው ዕውቀቱ ብቸኛ ርስቱ ነበረ። ርስቱን የሚጠብቅለት ሕግ አልነበረውም። ከዚህም በላይ ጎረቤቱ ማታ መድኃኒት ሊለምነው መጥቶ፣ ቀን በመድኃኒተኛነት ሊያማው ይችላል። በቋንቋችን «መድኃኒት» የሚለው ቃል ከመዳን የወጣ ሆኖ ሳለ፣ «መድኃኒት አደረገበት» ሲባል ግን መርዝንና ድግምትን ያመለክታል። እንዲህ ባለ ማኅበረሰብ ውስጥ አዋቂው አፉን ቢዘጋ ምክንያት ነበረው።

ይሁን እንጂ ምስጢር ዋጋ ያስከፍላል። በብራና የተጻፉ መጻሕፍተ መድኃኒት ደርሰውናል፤ እንደ ስቴፋን ስትሬልሲን ያሉ ሊቃውንትም አንዳንዶቹን ተርጕመው አሳትመዋል። በእንደዚህ ያሉ ጽሑፎችም ሆነ በአዋቂዎቻችን አነጋገር ስለ ጥሩ መድኃኒት ደጋግመን የምናገኘው ቃል «ፍቱን» የሚለው ነው። ቃሉ «ፈተነ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ፍቱን ማለት የተፈተነ ማለት ነው። አባቶቻችን አንድን መድኃኒት ሲያመሰግኑ የመረጡት ቃል ኃያልም ቅዱስም አይደለም፤ የተፈተነ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ግን ከዚያ ይጀምራል። ማን ፈተነው? በስንት ሰው ላይ? ያልዳኑት የት ተጻፉ? የመድኃኒት መጽሐፉ የሚነግረን የቅመሙን ዓይነትና መጠን ነው፤ መድኃኒቱን ጠጥቶ ስላልዳነው ሰው ቦታ አልተወለትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። መድኃኒቱን ስለ ደበቀው ግን ተረቱ ዝም ይላል።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ መከራከሪያ ይህ ነው። በታሪካችን ሁለቱን ትምህርቶች የለያቸው ዋና ነገር አንዱ ከተፈጥሮ ሌላው ከፋብሪካ መምጣቱ፣ ወይም አንዱ የእኛ ሌላው የባዕድ መሆኑ አይደለም። የለያቸው «ፍቱን» የሚለውን ቃል እስከ መጨረሻው መከተልና አለመከተል ነው። ይህንንም በጥቂት ታሪኮች ላሳይ።

ከኮሶ ሻጭ ልጅ እስከ ሐኪም ወርቅነህ

ኮሶ ከአገራችን መድኃኒቶች ሁሉ ስመ ጥሩ ነው። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦና ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ የኮሶ ትልንም ያወጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዓመት ለአውሮፓውያን አስተዋወቀው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች አበባውን ይሸጡት ጀመር። በውጭ አገር እንዲህ ሲከበር በአገር ቤት ግን ኮሶ መሸጥ የድኻ ሥራ ነበረ። ዐፄ ቴዎድሮስን ጠላቶቻቸው ሊያዋርዷቸው ሲፈልጉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። መድኃኒቱን እየፈለጉ ሻጩን መናቅ በታሪካችን የቆየ ልማድ ነው።

ኮሶ በእርግጥ ፍቱን ነበረ። ትሉን ያወጣዋል። ነገር ግን ሰዉ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይጠጣ ነበር፤ ምክንያቱም ትሉ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ አልነበረም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩዶልፍ ሌውካርት በ1860ዎቹ መጀመሪያ የትሉን ዕንቁላል ለጥጆች አብልቶ፣ በከብት ሥጋ ውስጥ የሚያድግ መሆኑን አሳየ። ዛሬ ከዚህ ብዙ በማይርቀው ቄራ መርማሪው የታረደውን ከብት ጡንቻ በቢላዋ እየሰነጠቀ የሚያየው ከዚያ ዕውቀት የተነሣ ነው። ኮሶ ሻጯ በሽተኛውን ታድነዋለች፤ የሥጋ መርማሪው ደግሞ በሽተኛ እንዳይሆን ይከላከላል። የሁለተኛው ዕውቀት ከመጀመሪያው የሚለየው «ሠራ ወይ?» ብሎ ሳያቆም «ለምን ተመለሰ?» ብሎ በመጠየቁ ነው።

የኮሶ ሻጯ ልጅ የተባሉት ንጉሥ በ1868 በመቅደላ ሲወድቁ፣ ከዚያው አምባ አንድ ትንሽ ልጅ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ህንድ ተወሰደ። ይህ ልጅ በላሆር፣ በኋላም በስኮትላንድ ሕክምና ተምሮ በዘመናዊው ትምህርት የሠለጠነ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሆነ። እርሱም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ ያደገው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። በ1899 ወደ አገሩ መጣ፤ ዘመዶቹም ፈልገው አገኙት። በኋላም በሐኪምነት፣ በአስተዳዳሪነትና በለንደን በአምባሳደርነት አገሩን አገለገለ።

ይህን ታሪክ የማነሣው ለአንድ ነጥብ ነው። የመጀመሪያው ሐኪማችን ከሁለት ትምህርቶች አንዱን አልመረጠም። ልጅነቱ ከቤቱ ስለ ተነጠቀ፣ ከአገሩ ሰው ሊወርስ የሚችለው ዕውቀት ሁሉ አብሮ ተነጠቀው። ዘመናዊው ሕክምና በመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እጅ ወደ አገራችን የገባው ከቤቱ ዕውቀት ጋር ሳይተዋወቅ ነው። ይህ መለያየት የአንድ ሰው ዕጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የኋላዎቹ ተቋሞቻችንም ወረሱት።

ክታብና ክትባት

ሁለተኛው ታሪክ የፈንጣጣ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያውያን ከፈንጣጣ በሽተኛ ቁስል ወስደው በጤነኛ ሰው ቆዳ ላይ በመጫር ቀለል ያለ በሽታ እንዲይዘው፣ ከዚያም ዳግመኛ እንዳይያዝ ያደርጉ ነበር። ተመሳሳይ ልማድ በእስያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ነበረ። እንግሊዝ ይህን ጥበብ ከቱርክ የተማረችው በ1721 ነው፤ ኤድዋርድ ጄነር የላም ፈንጣጣን የተጠቀመበትን አዲሱን ክትባት ያሳተመው በ1798 ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የመንደር አዋቂዎቻችን ኋላ ቀር አልነበሩም። ሰውነት አንድን በሽታ አንድ ጊዜ ካወቀ እንደሚያስታውሰው ተረድተው ነበር።

ቋንቋችንም ይህን ይመሰክራል። «ክታብ» እና «ክትባት» ከአንድ ሥር፣ ከ«ከተበ»፣ የወጡ ናቸው። አንዱ በብራና ላይ ይጻፋል፤ ሌላው በቆዳ ላይ ይጫራል። ሕዝባችን አዲስን ነገር በራሱ ቃል መሰየም ያውቅበታል። የተሰበሰብንበት ሰፈር ስምም እንዲሁ ነው፤ ድምፅን ያለ ሽቦ የሚያሻግረው መሣሪያ እንግዳ በነበረበት ዘመን ሰዉ «የነፋስ ስልክ» ብሎ የራሱ አደረገው።

ነገር ግን አሮጌው ዘዴ አንድ ብርቱ ጉድለት ነበረው። በሰው ቆዳ ላይ የሚጫረው እውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ፣ የተከተበው ሰው ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። በአገራችን ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1971 ሲጀመር፣ የመንደር ከታቢዎች በአንዳንድ ደጋማ አካባቢዎች ሥራቸውን ቀጥለው ስለነበር በሽታው እንዳይጠፋ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ሆነ። ለልጆቻቸው ጤና የሚጨነቁ ወላጆችና ለዘመናት ያገለገለ ጥበብ፣ ባልፈለጉትና ባላወቁት መንገድ የበሽታው መጠጊያ ሆኑ። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ በሽተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1976 በባሌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከዓለም መጥፋቱን ያወጀው በ1980 ነው።

ከዚህ የምንማረው የመንደሩ ከታቢ ስሕተተኛ ነበረ የሚል አይደለም። በዘመኑ ከሌሎች ቀድሞ ትክክል ነበረ። የጎደለው፣ ትክክል የነበረው ነገር ትክክል መሆኑን ሲያቆም የሚነግረው ሥርዐት ነው። እርሱ የሚያየው የከተበውን ልጅ መትረፍ ነው። የከተበው ልጅ በሌላ መንደር ያስያዘውን ልጅ የሚያየው ከመንደር መንደር እየዞረ የሚቆጥር ሰው ብቻ ነው።

ሁለት ጎዳናዎች

አሁን ወደ ተቋማቱ ልምጣ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል ተመሠረተ። በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል እንደ ሐኪም ወርቅነህ በስኮትላንድ የተማሩት የቀዶ ሕክምና ሊቅ ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ይገኙበታል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ የባህል ሕክምና የት ነበረ? ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1940ዎቹ የወጡት ሕጎች ሐኪም ለመባል ምዝገባን ግዴታ አደረጉ፤ ለሕይወት አደገኛ እስካልሆነ ድረስ ግን የባህል ሕክምናን አልከለከሉም። ይህ የመቻቻል ሕግ ነበረ። አላሳደደም፤ አላስተማረምም። በ1978 የአልማ አታ ጉባኤ የባህል ሐኪሞችም በመሠረታዊ የጤና አገልግሎት ውስጥ ቦታ እንዳላቸው ካወጀ በኋላ፣ በእኛም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጉዳዩን የሚያስተባብር ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። የ1993ቱ የጤና ፖሊሲ የባህል ሕክምና ጠቃሚ ገጽታዎች እንዲጠኑና ቀስ በቀስ ከዘመናዊው ጋር እንዲቀናጁ አዘዘ። በ2006 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 482 ደግሞ ማኅበረሰቦች በዕውቀታቸው ላይ ያላቸውን መብት በሕግ አጸና። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነው። ጎዳናዎቹ ግን አሁንም ሁለት ናቸው፤ አልፎ አልፎ ብቻ ይገናኛሉ። ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ቀጥዬ ላሳያችሁ።

ጎዳናዎቹ የተገናኙባቸው ቦታዎች

በ1964 ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ የብልሃርዚያን በሽታ እያጠና ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ብልሃርዚያ ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የገደለው ነገር በሽታውንም ሊገታ ይችላል ማለት ነው። እናቶቻችን እንዶድን ለዘመናት ያውቁታል፤ አክሊሉም ስለ ብልሃርዚያ በጆንስ ሆፕኪንስ ተምሯል። ግኝቱ የተወለደው ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ወንዝ ዳር ስለ ተገናኙ ነው። በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተመሠረተ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ያ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ በሽታው በሕፃናት ዘንድ በእጅጉ ቀነሰ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ኃይለኛ የሆነውን የእንዶድ ዝርያ በመምረጥ ሥራውን ወደ ፊት ገፉት። በ1989 ሁለቱ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀበሉ።

የዚህ ታሪክ ሌላው ገጽ መራራ ነው። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድን ለመቀበል ለብዙ ዓመታት አመነቱ፤ መርዛማነቱ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች ደረጃውን ጠብቆ እንዲጠና ጠየቁ። አክሊሉ በዚህ አዝኗል፤ በድኻ አገር ሳይንቲስት ላይ ያለውን አለመተማመንም በግልጽ ተናግሯል። ቅሬታው ተገቢ ነበረ። ነገር ግን አንድ ነገር እናስተውል። አክሊሉ የጠየቀው ከፈተና ነጻ መሆንን አይደለም፤ በእኩል መፈተንን ነው። በአድልዎ የሚፈትንን ሰው የምንቃወመው ፈተናን ስለምንወድ ነው።

ከዚህ በስተ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ በኩል፣ ሁላችሁም የምታውቁት የአለርት ግቢ አለ። በ1930ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ሆኖ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተሰየመ፤ የአለርት ማሠልጠኛ ደግሞ በ1965 ተመሠረተ። ሆስፒታሉ ሲቋቋም በዓለም ሁሉ ዘመናዊ ሐኪሞች ለሥጋ ደዌ ይሰጡት የነበረው መድኃኒት ምን ነበረ? ቻውልሙግራ የተባለ ከእስያ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነበረ። ያ የህንድና የደቡብ ምሥራቅ እስያ የባህል መድኃኒት ነው። ነጩን ጋዋን የለበሰው ሐኪም በመርፌ ይሰጠው የነበረው የሌላ አገር አዋቂ የቅጠልና የፍሬ ዕውቀት ነው። በ1940ዎቹ ዳፕሶን የተባለው መድኃኒት ሲመጣ ዘይቱ ቀረ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ዳፕሶን ብቻውን እንደማይበቃ ስለ ታወቀ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ተጀመረ። ዘመናዊው ሕክምና የተሻለ የሆነው ከመጀመሪያው ትክክል ስለነበረ አይደለም። ትናንት የሰጠውን ዛሬ ሊተው ስለሚችል ነው። በዚያው ግቢ በሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም ውስጥ ዛሬ የባህልና ዘመናዊ መድኃኒት ምርምር ክፍል መኖሩ ለዚህ ታሪክ የሚገባ ቀጣይ ምዕራፍ ይመስለኛል።

ከውጭ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ በቤጂንግ ፋርማሲ አጥንታ ተመርቃ፣ ከዚያ በኋላ የባህል ሕክምና ከሁለት ዓመት በላይ ተማረች። ለወባ መድኃኒት ስትፈልግ ከ1,600 ዓመት በፊት በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ቅጠሉ በውኃ ተዘፍዝፎ እንደሚጨመቅ አነበበች፤ ሙቀት መድኃኒቱን ያበላሸው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው። አርቴሚሲኒን የተገኘው እንዲህ ነው። አገራችን በ2004 ከዚህ የተገኘውን ኮአርተም የወባ ዋና መድኃኒት አደረገች፤ ቱ ዩዩም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ልብ በሉ፤ ይህ ሊሆን የቻለው ያ የጥንት አዋቂ ዘዴውን ስለ ጻፈው ነው። በምስጢር ይዞት ቢሞት ኖሮ የምታነበው ነገር አይኖርም ነበር።

ወጌሻውና ሆስፒታሉ

አሁን ወደ ተማሪዬና ወደ አያቷ ልመለስ። ወጌሻ በሕዝባችን ዘንድ የተከበረው በከንቱ አይደለም። ቅርብ ነው፤ ክፍያው የሚቻል ነው፤ በጣቱ አጥንትን የሚያነብበት ልምድ አለው። ብዙ ስብራትና ውልቃት በእጁ ድኗል። በሌላ በኩል በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የተመዘገበ ጉዳት አለ። የቀርከሃው ማሰሪያ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ደም መዘዋወሩን ያቆማል፤ እጅ ወይም እግር ይሞታል፤ ሐኪሙም ሊቆርጠው ይገደዳል። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ሕፃናትና ወጣቶች ናቸው። ልጁ መጀመሪያ የነበረው ምናልባት በጥቂት ሳምንታት የሚድን ስብራት ነው።

ይህ ለምን ትውልድ ከትውልድ ይደጋገማል? ወጌሻው ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። እጁ የሞተበት ልጅ የሚወሰደው ወደ ሆስፒታል ነው፤ ወደ ወጌሻው አይመለስም። ወጌሻው የሚያየው ድነው ሊያመሰግኑት የሚመጡትን ነው። ስለዚህ በሐቀኝነት «እጄ ፍቱን ነው» ይላል። ሐኪሙስ? እርሱ የሚያየው ወጌሻው ያበላሸውን ብቻ ነው። የዳኑት ወደ ሆስፒታል ለምን ይመጣሉ? ስለዚህ እርሱም በሐቀኝነት ወጌሻ ሁሉ ጎጂ ነው ይላል። ሁለቱም ያዩትን ይመሰክራሉ፤ ሁለቱም ያዩት ግማሹን ነው። መዝገቡ በሁለት ቤት ተከፍሎ ስለሚቀመጥ ሙሉውን የሚያነብ ሰው የለም።

በዚህ ምክንያት ለተማሪዬ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ልጄ፣ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ግቢ። ይህን የምልሽ ያ ትምህርት ቤት ከአያትሽ የበለጠ ጠቢባንን ስለ ያዘ አይደለም። የደም ሥርን መንገድ ያስተምርሻል፤ የጠበቀ ማሰሪያ ለምን እጅን እንደሚገድል ታውቂያለሽ። ከዚያም በላይ፣ በሚገባ ሲሠራ፣ የሞተውን በሽተኛ ጉዳይ በጓደኞችሽ ፊት አቅርበሽ «የት ተሳሳትሁ?» እንድትዪ ያስገድድሻል። ይህን የሚያስገድድ ሥርዐት በአያትሽ ቤት የለም። እርሳቸው ስሕተታቸውን የሚሰውሩ ሰው ስለሆኑ አይደለም፤ ስሕተታቸው ተመልሶ ደጃቸውን ስለማያንኳኳ ነው።

ነገር ግን ስትሄጂ ዕዳ ይዘሽ ሂጂ። ሐኪም ወርቅነህ ከቤቱ ዕውቀት የተለየው ተነጥቆ ነው፤ አንቺ ግን በፈቃድሽ ልትለዪ አይገባም። በዕረፍትሽ ጊዜ ከአያትሽ አጠገብ ተቀመጪ። አጥንትን በጣት እንዴት እንደሚያገኙት ጠይቂያቸው፤ በፈቃዳቸውና በስማቸው ጻፊው። ከዚያም በአክብሮት፣ «አያቴ፣ ያልዳኑልዎት እነማን ነበሩ?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ጥያቄ ከሌላ ሰው ላይቀበሉ ይችላሉ፤ ከአንቺ ግን ይቀበሉ ይሆናል። ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ማሰሪያውን ወዲያው መፍታትና ወደ ሐኪም መላክ እንደሚገባ አሳዪያቸው። አንቺ ከተማርሽው ለእርሳቸው የምታወርሺው ይህ ነው። ውርስ ከሽማግሌ ወደ ወጣት ብቻ መውረድ የለበትም።

ለእናንተ ለመምህራንም አንድ ቃል አለኝ። ለዚህች ልጅ «ግቢ» ስንላት የምትገባበት ቤት እንዴት ያለ ነው? ተማሪ የአያቱን ሙያ በአዳራሹ ውስጥ ቢናገር የሚሣቅበት ከሆነ፣ እኛም እንደ ዱሮው አዋቂ ምስጢረኞችን እናፈራለን። በሽተኛ ከባህል ሐኪም መምጣቱን የሚደብቀው ስለምንቆጣው ነው፤ ሲደብቀው ደግሞ የምናጣው የራሳችንን ማስረጃ ነው። ስለዚህ እዚህ ያላችሁ የጤና፣ የታሪክና የቋንቋ መምህራን በጋራ አንድ ሥራ እንድትጀምሩ እለምናለሁ። በዚህ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ያሉ ወጌሻዎች፣ የልምድ አዋላጆችና መድኃኒት ቀማሚዎች ዕውቀታቸው ሕጉ በሰጣቸው መብት ተጠብቆ ይመዝገብ። የዳነውም ያልዳነውም በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ያኔ «ፍቱን» የምንለው መድኃኒት፣ ከቅጠል ይምጣ ከፋብሪካ፣ በእውነት የተፈተነ ይሆናል።

ያቺ ተማሪ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ትኑር አትኑር አላውቅም። ካለች፣ መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁንና ተቃውሟችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።